ዚንክ ከዜሮ ወደ ሁለት

እና ካልሲየሙ ፖዘቲቭ ሁለት ነበረ፣ ያው ሁለት ነው፣ ካርቦኑ አራት ነበረ፣ አራት ነው፣ ኦክስጅኑም ኔጌቲቭ ሁለት፣ እንደገና ልቁጠር፣ ቆጠርኩ፣ የወጣም የወረደም ቁጥር የለም፣ ቁጥሩ ካልተለወጠ ሬዶክስ የለም፣ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ኖራ ሲሆን ሬዶክስ አይደለም፣ አይደለም ሙሉብርሃን፣ አንተ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው ብለህ አስተማርክ። ኦክስጅን ከለቀቀ ሬዶክስ ነው፣ ኦክስጅን ከሌለ ሬዶክስ የለም፣ በኅብረት እያስባልካቸው። ደደብ።

ማትሪክ ነው ይሄ። ከጎሬ የሚመጣውን ፈታኝ መንገድ ላይ ጭቃ ስለያዘው እኔው በገዛ ተማሪዎቼ መሀል እዞራለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፖስታውን አሽገው ከአዲስ አበባ ያመጡት አቶ ፈንታሁን ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል፣ ጠዋት ምን አሉኝ፣ አቶ ሙሉብርሃን፣ አንዲት ቃል ከአፍዎ ብትወጣ የመቱ ተማሪዎች ወረቀት በሙሉ ይሰረዛል፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥያቄ አሥራ አራት፣ ሬዶክስ የቱ ነው፣ ቢ ዚንክ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ዲ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል። ጎንፋ ዲ። ነመራ ዲ። ኢቲቻ ቅንጣት ሳይጠራጠር ዲ። ቢ ውስጥ ኦክስጅን የለማ፣ ዚንኩ ግን ከዜሮ ወደ ሁለት ወጥቷል፣ ሃይድሮጂኑ ከአንድ ወደ ዜሮ ወርዷል፣ ይሄ ለምን ትናንት አልታየኝም፣ አምና ሰቦቃ በአንድ ጥያቄ ነው የወደቀው፣ ፈራሁ።

አንዷ ነግራኝ ነበር እኮ። ዓያንቱ፣ የያዮዋ፣ በጥር ወር ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ጋሼ፣ የካልሲየሙ ቁጥር እኮ አልተለወጠም፣ ቁጭ በይ አልኳት፣ ከመምህርሽ ልትበልጪ ነው፣ ክፍሉ ሳቀባት። እናቷ እትዬ በየነች ሊያስመዘግቧት ሲመጡ በቅል ማር ይዘውልኝ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጋሼ ያሉሽን ብቻ ያዢ ብለዋታል፣ ለእኔ ደግሞ፣ ከወደቀች ከእኔ ጋር ቡና ለቀማ ናት ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ።

አጠገቧ ደረስኩ። እርሳሷ፣ ቢ። ቢን አክብባለች፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ አንዷ እንኳ ተረፈች፣ አትቁም ሂድ፣ እግሬ ግን ቆመ፣ አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ቀና ብላ ፊቴን አየችው፣ ያየችው ፍርሃቴን ነው፣ የራሴን፣ አንቺን አልተቆጣሁም፣ እሷ ግን ቁጣ መሰላት፣ የጥር ወሩ ቁጭ በይ መሰላት፣ ላጲሷን አነሳች፣ ተይ፣ ዓያንቱ ተይ፣ አንዲት ቃል፣ የሁሉም ወረቀት፣ አፌ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ቢን ፈቀፈቀች፣ ፍቅፋቂውን እፍ አለችው፣ ዲን አከበበች፣ አጥብቃ አጠቆረችው።

እንደገና ቀና አለች። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ በሚል ዓይን፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። አቶ ፈንታሁን እያዩኝ ነው፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወደሚቀጥለው ዴስክ አለፍኩ።