የማን እግር ይቀድማል

ኳሷ በእግሮቿ መሃል ሾልካ ስታልፍ፣ ገላኔ ዞር ብላ ያየችው ኳሷን ሳይሆን የራሷን እግር ነበር። ቀኝ እግሯ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሀጂራ በትከሻዋ ወደ ጠቆመችው አቅጣጫ ሄዷል። ሀጂራ ግን አልሄደችም። ስትሸወድ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«የወንጂ ልጅ፣ ስኳር ነሽ እንዴ? ገና ሳልነካሽ ቀለጥሽ!» አለች ሀጂራ፣ ኳሷን በታኬታዋ እየጎተተች።

መስመሩ ዳር የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። ገላኔም ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ተረቡ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ያምር ነበር።

የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያሽከረከረ በሜዳው ያልፋል። ከታዳጊ ሴቶች ቡድኑ መኝታ ቤት የቀረው አንድ አልጋ ብቻ ስለሆነ አሰልጣኝ ዘካርያስ ሕጉን አሳጥሮታል፤ አምስት የአንድ ለአንድ ፍልሚያ። የሞጆዋ አጥቂ ሀጂራ አራቴ ካለፈች አልጋው የእሷ፣ የወንጂዋ ተከላካይ ሁለቴ ካስጣለች የእሷ። ገላኔ ከእንግዲህ አንዴ ከታለፈች፣ እናቷ አንሶላ ሳይቀር አጣጥፋ የከተተችበትን ሻንጣ አንጠልጥላ ወደ ወንጂ ሚኒባስ ነው።

«ውሃ ጠጡ!» አለ ዘካርያስ።

«ኮች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ገላኔ።

«አንድ ብቻ? ዛሬ ምን ነካሽ?»

«እሷ እግሯን ስታነሳ እኔም አነሳለሁ። እሷስ ማንን አይታ ነው የምታነሳው?»

ዘካርያስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። «ሁለት ደቂቃ አለሽ» አለ፤ «ካወቅሽው ለእኔም ንገሪኝ።»

ወንጂ ውስጥ፣ በሸንኮራው ማሳ መሃል በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ላይ፣ ጠባብ የጣውላ ድልድይ አለ። ሁለት ሰው መሃሉ ላይ ከተገናኘ፣ ሁለቱም በአንድ ወገን ይሸሻሉ፤ ደግሞ በሌላው፤ አብረው የሚጨፍሩ ይመስል። ለዚህ የሰፈሩ ሰው ደንብ አለው፤ ሸክም የሌለበት ይቆማል፣ ባለሸክሙ መንገዱን ይመርጣል። አንድ ቀን ገላኔ እንደ ደንቡ ቀጥ ብላ ብትቆም፣ ለከብቶቿ የሸንኮራ ቅጠል የተሸከመች ሴትዮ ግራ ገብቷት ከወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች። «ተንቀሳቀሺ እንጂ!» ብላ ጮኸችባት። ያኔ ገላኔ ስቃ አለፈች። አሁን ግን ገረማት። ፊት ለፊቱ ያለው ካልተነቃነቀለት፣ ሰው መሄጃው ይጠፋዋል ማለት ነው?

ኳስም እኮ ሸክም ነው።

ፊሽካው ተነፋ። ሀጂራ እየነዳች መጣች፤ ትከሻዋን ወደ ግራ ጣለች። የገላኔ ቀኝ እግር ለመነሳት አሳከከው። አላነሳችውም። ሀጂራ ትከሻዋን ወደ ቀኝ ጣለች። ገላኔ አሁንም ቆማለች። የለመደችውን የገላኔን እርምጃ ስታጣ ሀጂራ ተደናበረች፤ ኳሷም አንድ ስንዝር ራቀቻት። ገላኔ በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ ከሜዳ አስወጣቻት።

«ምነው የሞጆዋ፣ እንደ ደረቅ ወደባችሁ ኮንቴይነር ተገትረሽ ቀረሽ?» አለች ገላኔ።

ሳቁ ከቅድሙ በረታ። ሀጂራ አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ የገላኔን እግሮች ትክ ብላ አየቻቸው።

በመጨረሻው ዙር ሀጂራ፣ ገላኔ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት፣ ኳሷን ረግጣ ቆመች። ልጅቷ ቶሎ ትማራለች። ሁለቱም ቆሙ።

«ተንቀሳቀሺ እንጂ» አለች ሀጂራ በለሆሳስ።

«ሸክሙ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ገላኔ አልጋውን አሰበች፤ አንሶላውን አሰበች። ከዚያ ሁለቱንም ረሳቻቸው። ግራ ጉልበቷን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ አጠፍ አደረገች። የሀጂራ ዓይን ተከተለው። ወገቧም ተከተለ። ገላኔ ጉልበቷን መለሰች፤ የሀጂራም ወገብ ተመለሰ። ገላኔ ሳቋ ሊያመልጣት ደረሰ።

ዘካርያስ ከመስመሩ ገባ ብሎ ወደፊት አጎነበሰ። ኳሷ ከሀጂራ ጫማ ሥር ቀስ ብላ ተንከባለለች።

የሁለቱም እግር እኩል ተነሳ።