የትርሲት የመጨረሻ ርክክብ

የሰው ልጅ ሥጋው በስለት ሲቆረጥ ደሙ በገሃድ ይፈስሳልና ያየ ሁሉ ፋሻ ይዞ ይሮጣል፤ ልቡናው በቃል ሲቆረጥ ግን ደም አይታይምና፣ የቆሰለው ራሱ እንኳ መቁሰሉን የሚረዳው ዘግይቶ፣ ያውም እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ጥበብን የምትወድ፣ ማስተዋልንም የታደልህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ማለቴ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ገድል ልተርክልህ አይደለም፤ በአንዲት የአውራጃ ከተማ ቤተ ሕሙማን ውስጥ ነጭ ጋዋኗ ገና ሳያረጅ ሥራዋን ስለ ለቀቀች ስለ አንዲት ወጣት ነርስ ልነግርህ ነው እንጂ። ነገሩ ትንሽ ነው የምትል ከሆነ፣ ታመህ ተኝተህ አታውቅም ማለት ነው።

ስሟ ትርሲት ነው፤ በልጅነቷ ሳንባዋን ታማ ተኝታ ሳለ የጠየቀችውን ሁሉ ሳትሰለችና ሳትቆጣ ትመልስላት የነበረችን አንዲት ነርስ በልቧ ቀርጻ ያደገች፣ ያንንም መዓርግ ለመጨበጥ ከትምህርት ገበታ ሳትለይ የደረሰች፣ በምግባሯ የታረመች፣ በጠባይዋም የተመሰገነች ልጅ ነበረች። በሴቶች ሕሙማን ክፍል በተመደበች ጊዜ የተቀበለቻት ብዙ ዘመን ያገለገለችው፣ እጇ የተባረከ፣ አንደበቷ ግን የመረረ ሲስተር የሺመቤት ነበረች። የዚህችን ሴት እጅ ማንም አያማውም፤ ደም ሥር ጠፋ በተባለበት ክንድ ላይ እንኳ መርፌዋ መንገዱን አትስትም ነበር። ነገር ግን አዲስ የመጣን ሰው በሥላቅ ማብጠልጠልን እንደ ልማድ፣ እንዲያውም እንደ ማስተማሪያ ይዛው ነበርና፣ ትርሲት የጥጡ ማስቀመጫ የት እንደ ሆነ በጠየቀቻት ዕለት፣ «ትምህርት ቤት የከረምሽው ጥጥ ስትፈትዪ ነው እንዴ?» ብላ በሕሙማኑ ፊት አሳቀችባት።

በዚያ ቤት ሥርዓት ተራዋን የፈጸመች ነርስ ከመውጣቷ በፊት ከተተኪዋ ጋር ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረች የእያንዳንዷን ሕመምተኛ ነገር በቃል ታስረክባለች፤ ርክክብ ይሉታል። የሺመቤት ግን ለትርሲት ስታስረክብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ግማሹን ውጣ ግማሹን አጉተምትማ ታልፋለች፤ ትርሲት «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» ስትል፣ «ጆሮሽን ቤት ትተሽው ነው የመጣሽው?» ትላታለች፤ ሌሎቹም ነርሶች፣ ከክፋት ይልቅ ነገ ወደ እኛ ይዞራል በሚል ፍርሃት፣ አብረው ይስቃሉ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ የልጅቱ ቅስም ተሰበረ፣ አፏም ተዘጋ። ትምህርቷ በአእምሮዋ፣ ርኅራኄዋም በልቧ እንዳሉ ነበሩ፤ የጠፋው መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሳስብ ከተሳዳቢዋ ይልቅ የምቆጣው በሚስቁት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሺመቤት የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ እንደ ልማዷ እያጉተመተመች ካስረከበች በኋላ፣ ነጠላዋን ልትለብስ ወደ ጥግ ሄደች። ትርሲትም የስኳር ሕመም ካደከማቸው ባልቴት፣ ከእትዬ ድንቄ አልጋ ዘንድ ደረሰች። የጠዋት መርፌያቸው ተሰጥቷቸዋል ወይስ አልተሰጣቸውም? በርክክቡ ላይ አንድ ነገር የተባለ መሰላት፤ ምን እንደ ተባለ ግን አልሰማችም። የሺመቤት በሕሙማኑ ካርድ ላይ ምልክት የምታደርገው ሁልጊዜ ልትወጣ ስትል ነበርና ካርዱም ባዶ ነው። ነገሩን የምታውቀው የሺመቤት እዚያው፣ ድምፅ ከሚደርስበት ስፍራ ቆማለች። መጠየቅ ነበረባት። ሳቁ ገና ሳይሳቅ በጆሮዋ አቃጨለና፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመጠየቅ ይልቅ መድኃኒቱን በመርፌ መቅዳት ቀለላት። ክንዳቸውን ይዛ በአልኮል ስትጠርግ ባልቴቲቱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ ያችኛዋ ጎህ ሲቀድ ወግታኛለች እኮ። ዛሬስ ይደገማል?»

የስኳር መርፌ ሲደረብ ሕመምተኛን አፍዝዞ እስከ ሞት እንደሚያደርስ ትርሲት ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። «አይደገምም፣ እትዬ። እንኳን ነገሩኝ» አለችና መርፌውን አስቀመጠች፤ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያም ወጥታ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ቆማ አለቀሰች፤ ያለቀሰችውም ስለ ተሰደበች አልነበረም፣ ሰው ልትገድል ስለ ነበረ ነው።

በዚያው ዕለት ወደ ነርሶቹ አለቃ ወደ ሜትሮን አስካለ ገብታ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷንም ጥፋት ሳትሸሽግ ተናገረች። ሜትሮን አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነበር እንጂ። «ልጄ፣ ሁላችንም በዚሁ ነው ያለፍነው። እኔንም አስለቅሰውኛል፤ የሺመቤትንም አዲስ በነበረችበት ጊዜ ያላስለቀሳት አልነበረም። ትንሽ ቻዪው፤ ትለምጂዋለሽ» አሏት።

«መልመዱን ነው የፈራሁት» አለች ትርሲት። «ስድቡንስ እችለው ነበር። ዛሬ ግን ከሰው ነፍስ ይልቅ ሳቃቸውን ፈራሁ። እንዲህ ሆኜ ከሕመምተኛ አጠገብ መቆም የለብኝም። የዛሬን ተራዬን ስጨርስ ያሰናብቱኝ።» ሜትሮኗም የስንብቱን ወረቀት ከመሳቢያቸው አወጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሺመቤት ለሌሊቱ ተራ ተመለሰች። ትርሲትም ለመጨረሻ ጊዜ፣ ፊቷን ወደ ሕሙማኑ መልሳ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር ከአልጋ ወደ አልጋ አስረከበቻት። የሺመቤት እንደ ልማዷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስትመለከት ቆየችና፣ የእትዬ ድንቄን አልጋ ካለፉ በኋላ በድንገት ቆመች። «ቆይ፣ የእትዬን መርፌ ዶክተሩ ጨመረው ነው ያልሽኝ ወይስ ቀነሰው? አልሰማሁም» አለች። በክፍሉ የነበሩት ነርሶች ሁሉ ቀና አሉ፤ ሳቁም ተዘጋጅቶ ቆመ። ስለ ጆሮና ስለ ቤት የሚነገረውን ቃል ትርሲት በቃሏ ታውቀው ነበር፤ እስከ ምላሷ ጫፍም ደረሰ። እርሷ ግን ተመልሳ በባልቴቲቱ ራስጌ ቆመች።

«ቀንሶታል፣ ሲስተር። ከነገ ጠዋት ጀምሮ የቀድሞው እኩሌታ ነው የሚሰጣቸው፤ ቁርሳቸው ሳይቀርብም እንዳይሰጣቸው ብሏል። ልድገምልዎት?»

«ድገሚልኝ» አለች የሺመቤት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ትርሲት ደገመችላት። ማንም አልሳቀም። ጋዋኗን አጥፋ በወንበሩ ላይ ስታኖር የሺመቤት ከንፈሯን ከፍታ ቀረበቻት፤ ነገር ግን የይቅርታ ቃል በአንደበቷ ያልተለመደ ነበርና፣ «ደህና ሁኚ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። እትዬ ድንቄ ብቻ ጎንበስ ያለችውን ልጅ ጉንጭ ስመው፣ «ነገ ደግሞ ማንን እጠይቃለሁ?» አሏት፤ ትርሲትም ብርድ ልብሳቸውን እስከ ትከሻቸው አልብሳቸው ወጣች። ነርስነትን አልተወችም፤ የተወችው ያንን ቤት ነው። አላዋቂነትን መጠየቅ ይፈውሰዋል፤ መጠየቅን የገደለ ቤት ግን ግድግዳው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ መድኃኒቱም የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በውስጡ ከተኙት ሁሉ አስቀድሞ የታመመው እርሱ ራሱ ነው።