የግራው ስፌት

ሚጢጢ የሚሏት ሚጢጢ ስለሆነች አይደለም። መለሎ ናት፤ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከተሰቀሉት ኮቶች መካከል ስትቆም ራሷ ከሁሉ በላይ ይታያል። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ታላቅ ደግሞ ታናሿ የቱንም ያህል ብትመዘዝ ቁልቁል ነው የምታያት። እሷም በፋንታዋ ታላቋን "እታለም" ትላታለች። ትላት ነበር።

እታለም ከሞተች ወዲህ ሚጢጢ አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ወንበር ስታመላልስ፣ ውሃ ስትቀዳ ዋለች። ዘመድ "እህቷ ናት ወይስ አስተናጋጅ?" ብሎ አማት። ሰምታለች፤ ግን የሰማችው እንደ ሩቅ ጎረቤት ጠብ ነበር። ከዚያ በኋላም ያው ነው። ምግቡ ጨው ይብዛበት ይነስበት አታውቅም። የካውያው እንፋሎት ክንዷን ሲልሳት እጇን የምትሰበስበው ቆይታ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ባልደረባዋ ሬዲዮ ወሬዋን መሃል ላይ አቋረጠች። አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው፤ ዝም ማለቷ በራሱ ጉድ ነው።

"አንቺ ሴትዮ! ደም!"

"የቱ ልብስ ላይ?" አለች ሚጢጢ፣ የደንበኛ ልብስ የተበላሸ መስሏት።

"ልብስ ትለኛለች እንዴ! አንቺ ላይ ነው እንጂ! ብብትሽ ሥር!"

የነጭ ጋዋኗ ጎን ቀልቷል። ሬዲዮ እየጎተተች መጸዳጃ ቤት አስገብታ አየችላት። የጡት መያዣዋ ሽቦ ጨርቁን በስቶ ወጥቶ ቆዳዋን ሲፍቅ ሰንብቷል።

"ይሄ ሁሉ ሲሆን አላመመሽም?"

"አላወቅኩም።"

"ድንጋይ ነሽ እንዴ? በይ ይሄን ወዲያ ጣዪና ሌላ ግዢ።"

ሚጢጢ በዕድሜዋ ጡት መያዣ ገዝታ አታውቅም፤ የምትገዛላት እታለም ነበረች። ልጅ ሳለች፣ ደረቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር፣ ግራው ከቀኙ ወደኋላ ቀረ። ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሄድ፣ ጎብጣ መቀመጥ አመጣች፤ በመጨረሻም ከቤት አልወጣም አለች። እናታቸው "ምን ነካት ይቺን ልጅ?" ስትል እታለም ምንም አልተናገረችም። ሰንበት ብላ ግን የታጠበና የታጠፈ ጡት መያዣ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችላት። ሚጢጢ ለበሰችው፤ ቀና ብላ ወጣች። ሲያድግ ተስተካከለ ብላ ነገሩን ረሳችው። መስታወት ፊት የምትቆም ሴት አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ባለቀ ቁጥር እታለም ሌላ ታመጣለች፤ ሁልጊዜም ታጥቦ። "የፋብሪካ ቆሻሻ አለበት" ትላለች። ቁጥሩ የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅም "ታሳክክሻለች" ብላ ቆርጣ ታወጣላታለች። "ጥሩ ጡት መያዣ ማለት መልበስሽን የምትረሺው ነው" ትል ነበር። ሚጢጢም ትረሳው ነበር።

አሁን ያደማት የመጨረሻው ነው። ከእሱ በኋላ ከእታለም እጅ የሚመጣ የለም።

ሬዲዮ ግን የያዘችውን አትለቅም። ከሥራ ሲወጡ ክንዷን ይዛ የውስጥ ልብስ ሱቅ በር ድረስ ወሰደቻት። "ካልገባሽ ገብቼ በራሴ ልክ ነው የምገዛልሽ፤ ያን ጊዜ ግራ ቀኝ ተካፍለን እንለብሰዋለን" አለችና ሰፊ ደረቷ እስኪነቃነቅ እየሳቀች ሄደች።

ባለሱቋ ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋዋለች።

"ቁጥርሽ ስንት ነው፣ ልጄ?"

"አላውቅም።"

"የለበስሽው ላይ እንየዋ።"

"ተቆርጧል።"

መጋረጃው ጀርባ አስገብታ ከጡቷ ሥር፣ ከዚያም ጡቷ ላይ ለካቻት። አንዱን አመጣች። "ወደፊት ደፋ ብለሽ ልበሺው፤ ጡትሽ ራሱ ቦታውን ይያዝ። እንደሱ። ይቆነጥጥሻል?"

"ደህና ነው።"

ሌላ አመጣች። "ትከሻሽንስ ይቆርጥሻል?"

"ደህና ነው።"

የሚቀጥለውን ባለሱቋ ታግላ ነው የቆለፈችው። "ይሄስ?"

"ደህና ነው።"

"ውይ በሞትኩት! ይሄ እኮ የልጅ ነው፣ ልሞክርሽ ብዬ ነው! ትንፋሽሽ ተቆርጦ ደህና ነው ትይኛለሽ? እኔ በሜትር ብቻ አይደለም የምለካው፤ ባንቺም አፍ ነው። ካልነገርሽኝ ምን ላድርግሽ?"

ሚጢጢ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች። አፏ ላይ የመጣው ግን ያው "ደህና ነው" ሆነ።

"እንግዲያው ይሄ ይናገር" አለች ባለሱቋ፣ አሮጌውን ከወንበሩ ላይ አንስታ። ገለበጠችው። ወደ መብራቱ አስጠጋችው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "ማን ነው ይሄን የሰፋልሽ?"

"የቱን?"

"ነይ እዪዋ።"

በግራው በኩል፣ ከውስጥ፣ ስስ ጨርቅ በስስ ጨርቅ ላይ ተደርቧል፤ መሐሉ ወፈር ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። ስፌቱ የጉንዳን ዱካ ያህል ነው። ከውጭ አይታይ፣ ከውስጥ አይቆረቁር።

"ግራሽ አነስ ይላል። አምስት ጣት እንኳ እኩል አይደለም፣ እንኳን ጡት! ይሄን የሰፋች ሴት ግን ገላሽን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። የት ነው ያለችው? ደንበኛ እልክላታለሁ።"

"እህቴ ናት።"

"ታዲያ ይዘሻት ነያ!"

"ሞታለች" አለች ሚጢጢ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

ባለሱቋ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። "ነፍስ ይማር" አለች። አሮጌውን መልሳ እያጠፈችም፣ "ሁልጊዜ ትሰፋልሽ ነበር?"

ሚጢጢ እየታጠቡ የመጡትን ሁሉ አሰበች። የተቆረጡትን ቁጥሮች አሰበች። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግራት።

"መሰለኝ" አለች።

ባለሱቋ ሌላ አምጥታ አለበሰቻት። "ይሄ ሽቦ የለውም፤ ልክሽም ነው። ግራውን እኔ ልደርብልሽ፣ ተቀመጪ።"

"አይ። እኔ እሰፋዋለሁ።"

"መስፋት ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

ቤቷ ገብታ አሮጌውንም አዲሱንም እታለም እንዳስተማረቻት አጠበች፦ መንጠቆው ተቆልፎ፣ በለብታ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ። በማንገቻ አይሰቀልም፣ ይለጠጣል፤ ፎጣ ላይ ዘርግታ ሌሊቱን አደረቀቻቸው። ጎህ ሲቀድ የአሮጌውን ስፌት ፈታች። ክሩ እምቢ ብሏት ቆየ። ድርቡ ጨርቅ የምን እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ የየትኛው አንሶላ፣ የማን ፒጃማ። አልመጣላትም። እንባም አልመጣም። ድርቡን አዲሱ ላይ አድርጋ ሰፋችው። ስፌቷ አህያ የረገጠው ጭቃ መሰለ፤ የክሩም ጫፍ ተቋጥሮ እንደ ምስር ፍሬ ጉብ አለ። ሽቦውን ጣለች። አሮጌውን ጨርቅ አልጣለችም።

ያን ቀን ሥራ ላይ፣ ካውያውን ወደፊት በገፋች ቁጥር አንድ ነገር ብብቷ ሥር ነካ ያደርጋት ጀመር።

"ምን ሆነሽ ነው ቁንጫ እንደያዛት ድመት የምትቁነጠነጪው?" አለች ሬዲዮ።

ሚጢጢ ቆም አለች። እጇን ወደ ግራ ጎኗ ሰደደች። ቋጠሮው ነው።

"ይቆረቁረኛል" አለች።

"ታዲያ ሂጂና አስተካክይዋ! መቀሱ ያውልሽ።"

"ይቆረቁረኛል" አለች እንደገና፤ ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረ። ሬዲዮ ዝም አለች።

ሚጢጢ መቀሱን አየችው። ከዚያ ካውያውን አነሳች።

"ይቆይ" አለች።