ማሽላው ከታጨደ በኋላ

«አባትየው ያን ቀን ከቤቱ ውጭ ምን ይሠራ ነበር?»

ጥያቄው የረድኤት ነው። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ነግሬ ስጨርስ ሌሎቹ ልጆች ስለ ፍሪዳው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ቀንድ ነበረው ወይ፣ ጎረቤትስ ተጠርቷል ወይ እያሉ። እሷ ግን ጉልበቷን አቅፋ ቆየችና ያንን ጠየቀችኝ።

«እንዴት ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አየው ብለሻል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሩቅ አያይም። ውጭ ነበረ ማለት ነው። ምን ይሠራ ነበር?»

«አባትየው እኮ እግዚአብሔር ነው፣ ረድኤት። እግዚአብሔር ሁሉን ያያል።»

«እግዚአብሔርንስ እሺ። እኔ የጠየቅሁሽ ሰውየውን ነው፣ ቲቸር።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ናት። ከህንዷ የፑኔ ከተማ ተመርቄ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ ሻንጣዬን ግን ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ እያልኩ አልፈታሁትም። ልብስ ስፈልግ ከላይ ከላይ አውጥቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። እናቴ በበሩ ስታልፍ ሻንጣውን ታየዋለች። ፑኔ ሳለሁ ጸሎት የተውኩት ከማንም ተጣልቼ አይደለም። አንድ ቀን ረሳሁት፣ በማግስቱም አላስታወስኩትም፤ እንዲሁ ቀረ። ይህን ለእናቴ መንገር አልቻልኩም። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዲያቆን ታምሬ ቤት ድረስ መጥቶ «እኅት ፍሬዓለም፣ ለሕፃናቱ የጌታን ምሳሌዎች የሚያስተምር ሰው አጣን» ሲል፣ ቡና እንኳ ሳይቀርብለት እናቴ በእኔ ፈንታ እሺ አለችው።

የአዳራሹ ጣሪያ በጦርነቱ ከተቀደደ ወዲህ የምንማረው ቅጥሩ ውስጥ ካለው ግራር ሥር ነው። ዲያቆን ታምሬ «እዚህ ቲቸር የለም፤ እኅት በሏት» እያለ ልጆቹን ይገሥጻል። እሺ ይሉና ፊቱን ሲያዞር ይረሱታል።

የዚያን ሰንበት ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤታችንን እቴ ሳሊሀን አገኘኋት። ለላሟ የማሽላ አገዳ ተሸክማ ከማሳው ትወጣለች። ከጀርባዋ የረድኤት አባት፣ አያ አራጌ፣ ማማው ላይ ተቀምጠዋል። ማማው ወፍ የሚጠበቅበት ነው፤ በአራት እንጨት ላይ የተረበረበ ከፍ ያለ መደብ። ወንጭፋቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ማሳው ግን ባዶ ነበር። ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ቤት ገብቷል።

«እቴ ሳሊሀ፣ አያ አራጌ ምን ይጠብቃሉ?»

«ግሪሳዋ መታጨዱን አልሰማች እንደሁ ብሎ ነዋ» አለችና ሳቀች። «አምናም እንዲሁ ነበር። ሰው ሁሉ ማማውን ሲያፈርስ እሱ የራሱን ያጠናክራል። ገለባ ጠባቂ እንለዋለን።»

ከዚያ ሸክሟን አወረደችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቀሪውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አያ አራጌ ትግሉ የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው፤ የረድኤት ታላቅ ወንድም ነው። ሚስታቸው ደመቀች አልጋ ይዛ ሳለ ትግሉ አንድ ማለዳ ማንንም ሳይሰናበት ከሳሊሀ ልጅ ከአህመድ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄደ። ደመቀች ስሙን እየጠራች አረፈች። አያ አራጌም ሬሳዋ ሳይወጣ፣ ካህናቱ ቆመው፣ ለቀስተኛው እየሰማ በቅዱስ ሚካኤል ማሉ፤ ያ ልጅ የዚህን ቤት ደጃፍ እንዳይረግጥ አሉ።

«አህመድ ተይዞ ተመለሰ። ትግሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቱ ፊት ስሙን የሚጠራ የለም» አለች። «ልጅቷ ግን እኔ ቤት እየመጣች አህመድን ትጠይቀዋለች። ወንድሜ ምን ይበላል፣ የት ይተኛል ትለዋለች። አሁንማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢመጣ አባቴ ያስገባዋል ወይ።»

«አህመድ ምን ይላታል?»

«ኢንሻአላህ ይላታላ። ሌላ ምን ይላታል?»

ነገሩ ለእኔ ቀላል መሰለኝ። በኀዘን የተማለ መሐላ ነው፤ ሰው በኀዘን ብዙ ይናገራል። በማግስቱ ማማው ሥር ሄጄ ይህንኑ ለአያ አራጌ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለውን መሐላ ካህን ሊፈታው እንደሚችል ዲያቆን ታምሬ የነገረኝንም ጨመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አንቺ የምትፈሪው ነገር አለ?» አሉኝ።

አሰብኩ። «እንጃ» አልኩ።

«እኔ አለኝ። የተሰበረ መሐላ በማን ላይ እንደሚወርድ ታውቂያለሽ? በማለው ሰው ላይ አይደለም። በልጅ ላይ ነው። እቤት የቀረችኝ ያቺ አንዲት ናት።» ወንጭፋቸውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። «ካህኑ ይፈታልሃል ይለኝ ይሆናል። እሷ አንድ ቀን ትኩሳት ቢይዛት እኔ ማንን ልጠይቅ ነው? ሂጂ ልጄ፤ ፀሐዩ በረታብሽ።»

ፑኔ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ፍርሃት እንደ ተረት መቁጠር ለምጄ ነበር። አሁን ግን ከፍርሃቱ ሥር አባትነትን አየሁና ተመለስኩ።

ለጥር ሚካኤል ክብረ በዓል ልጆቹ አንድ መንፈሳዊ ድራማ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ልጆቹ የመረጡት የጠፋውን ልጅ ነው፤ ለፍሪዳው ሲሉ ይመስለኛል። ረድኤት አባትየውን ልሁን አለች።

«ጺም የላትም» አለ ሚኪያስ። ጠፊው ልጅ እሱ ነው።

«አንተም አእምሮ የለህም፤ ግን ሰው ሆነህ ትሠራለህ» አለችው።

ልምምዱ በእሪያዎቹ ላይ ተሰናከለ። እሪያ ምንድን ነው አሉኝ። እንደ ከርከሮ ያለ እንስሳ ነው አልኳቸው። «ከርከሮ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል?» አለ ሚኪያስ። «ከማሽላ ያባርሩታል እንጂ።» የሆነው ሆኖ ይጠብቅ አልነው። ከእሪያዎቹ ምግብ እየተመኘ የሚራብበትን ቦታ ሲሠራ ደግሞ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ ለምለም አገዳ ይዞ በደስታ ይመጥጥ ጀመር።

«ሚኪያስ፣ ተርበሃል እኮ። ተጨንቀሃል።»

«ጥንቅሽ ነው ቲቸር» አለኝ፤ ይህን ሁሉ ያስረዳል በሚል ፊት።

ቤቱን በድንጋይ መሬት ላይ ከልለነዋል፤ በሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዲያቆን ታምሬ ረድኤትን ውስጥ አስቀመጣት። ወጣችና ከጎን ያለ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመች፣ እጇንም ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ውስጥ ሁኚ እንጂ። እሱ ሲመጣ ትወጫለሽ።»

«ውስጥ ከሆንኩ አላየውም።»

ታምሬ ወደ እኔ ዞረ። ተዋት አልኩት።

ሚኪያስ አንገቱን ደፍቶ ከቅጥሩ በር መጣ። ረድኤት ከድንጋዩ ዘላ ሮጠች። በልምምዱ ሁሉ ወንዶቹ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን ሩጫዋን አይተው አልሳቁም። አንገቱን አቀፈችው። እሱም የተማረውን ንግግር ተናገረ፤ በደልኩ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም አለ። ከዚያ ልማዱ ነውና ወደ በሩ ሲራመድ ሸሚዙን ያዘችው።

«አይገባም።»

«ግብዣው ውስጥ ነው እኮ» አለ ሚኪያስ።

«ግብዣው ይወጣል። አንተ ፍሪዳ፣ ና ውጣ።»

ጋቢ የለበሰው ትንሹ ፍሪዳ ከድንጋዮቹ መካከል እየዳኸ ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። ረድኤት አልሳቀችም።

«ምሳሌው እንዲህ አይልም፣ ረድኤት» አለ ታምሬ በለሰለሰ ድምፅ። «ታላቁ ወንድም ወደ ቤት ሲቀርብ ዘፈን ሰማ ይላል። ግብዣው ቤት ነው።»

«እሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተገናኙት የት ነው?»

«መንገድ ላይ።»

«ሲያቅፈውስ?»

«መንገድ ላይ።»

«ደጃፉን ሳይረግጥ» አለች። «መጀመሪያው ይበቃል።»

ወንጌሉን ገልጬ አነበብኩት። ታላቁ ወንድም ተቆጥቶ አልገባም ባለ ጊዜም አባትየው እንደገና ወጥቷል። ይህን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሁለት ጊዜ መውጣቱን ልብ ብዬ አላውቅም። ቀና ስል አያ አራጌ ዱላቸውን ተደግፈው ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆመዋል። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ነው። መቼ እንደመጡ ማናችንም አላየንም።

«ረድኤት፣ እንሂድ» አሉ። ሲሄዱ እጇን ያዙ፤ ከዚያ በፊት ሲይዟት አይቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት በማሳው ዳር ሳልፍ ከማማው ላይ ጠሩኝ።

«ፍሬዓለም፣ ነይ ውጪ።»

መወጣጫው ይንቀጠቀጣል። ላይ ስደርስ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። መደቡ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ በብዙ መቀመጥ ለስልሷል፤ ፊቱ ግን ወደ ማሳው አልነበረም። አስፋልቱ እስከ ዋጃ መታጠፊያ ድረስ ተዘርግቶ ከፊታችን አለ። አንድ አይሱዙ፣ ከኋላው አንድ ሚኒባስ መጡ። ሚኒባሱ ቆሞ አንዲት ሴት አወረደ። አያ አራጌ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ዓይናቸውን አጥብበው ሴትዮዋ መንገዱን እስክትሻገር ተከተሏት። የረድኤት ጥያቄ ትዝ አለኝ።

«ያንቺ ስልክ ባሕር ይሻገራል ይላሉ» አሉኝ።

«ቁጥሩ ካለ ይሻገራል።»

«ቁጥሩ አህመድ ዘንድ አለ። እኔ አላውቅም ብለው ነው የደበቁኝ።»

ወርጄ ሳሊሀ ቤት ሄድኩ። አህመድ ቁጥሩን ሰጠኝ፤ ትግሉ ከመስከረም ወዲህ ቦታ መቀየሩን ከመስማት በቀር ሌላ የማውቀው የለም አለ። ሳሊሀ እስከ አጥሩ ሸኘችኝና «አብሽሪ፣ አላህ ያደርሰዋል» አለችኝ። ተመልሼ ማማው ላይ ወጣሁ። የድምፅ መቅጃውን ተጭኜ ይዤ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁት።

«ትግሉ» አሉ። ስሙን ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ይሰማል?»

«ይናገሩ፤ እየቀዳ ነው።»

«ትግሉ፣ አባትህ ነኝ። እናትህ አርፋለች፤ ሰምተሃል። እኔ ያልኩትንም ሰምተሃል። ያልኩትን አላጥፍም። ደጃፌን አትረግጥም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «መንገዱ ግን የመንግሥት ነው። ማንም ይቆምበታል። ማማው ሥር ዳስ እጥላለሁ። አንተ አትገባም፤ እኔ እወጣለሁ። ረድኤት ምግቡን ታመጣለች። ከመጣህ፣ ስትወርድ አይሃለሁ። ከዚህ እስከ መታጠፊያው ይታያል።»

አለቀ ብዬ ጣቴን ላነሳ ስል ጨመሩ።

«ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ነበር።»

«ልላከው?» አልኳቸው።

«ላኪው።»

ላክሁት። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ስልኩን በሁለት እጄ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከአስፋልቱ ላይ ያየኝ ሰው የምጸልይ ይመስለው ይሆናል። አያ አራጌም እንዲሁ መሰላቸውና ቆባቸውን አወለቁ። እኔም እጄን ቶሎ አላወረድኩም።

በሚካኤል ዕለት ድራማው ቀረበ። ረድኤት በጥጥ ጺም ከሕዝቡ መሀል ሮጠች፤ ፍሪዳውም ወጣ። አያ አራጌ ዳሱን ጣሉ፤ በማሽላ አገዳ ከድነው ከሥሩ ቁርበት አነጠፉ። ሳሊሀ አሁን ገለባ ጠባቂ አትላቸውም፤ ከወተቷ ትልክላቸዋለች። እኔ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ያልኩበት ጊዜ አልፏል። ልብስ ስፈልግ ከሻንጣው ሥር ድረስ መፈለግ ጀምሬያለሁ።

በማሳው ዳር ሳልፍ አያ አራጌ ከማማው ላይ ዞር ይላሉ። መልስ አልመጣም ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ።

«መንገድ ላይ ይሆናል» ይላሉ፣ ፊታቸውንም ወደ አስፋልቱ ይመልሳሉ።

ዛሬ ጠዋትም ስልኬን ከፈትኩ። ከድምፃቸው ሥር መላኩን ብቻ የምትነግረው አንዲት ግራጫ ምልክት እንደነበረች ናት፤ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ ገና አልመጣችም።