ወናፉ የበላው መቁረጫ

ዱባለ መሐል ሜዳ ከተማ ብረት ሲቀጠቅጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን እሳት ገብቶ እምቢ ያለው ብረት የለም፤ ይህንንም ለመናገር አይሰስትም፣ ያልጠየቀው ሰው ሳይቀር ሰምቶታል።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ልጁ ጽናት ደብረ ብርሃን የቶርኖን፣ ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የመቅረጽን ሙያ ተምራ ጨርሳ፣ ለብቃት ምዘናው ጥቂት ቀን ሲቀራት ወላጆቿን ልታይ መጣች። ሰኞ የምትመዘንበትን፣ እጇ የለመደውን መቁረጫ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች፤ ጫፉ ላይ ባቄላ የምታህል ግራጫ ቁራጭ ተበይዳበታለች።

«ይቺ ካርባይድ ናት አባባ» አለችው ዓርብ ቁርስ ላይ። «ማሽኑ ላይ ፍም ብትመስል እንኳ አትለሰልስም። ትንሽ ተሸርፋለች፤ ግን ትበቃኛለች።»

ዱባለ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ተሸርፋለች» የሚለውን ነው። አባቷ ቀጥቃጭ ሆኖ ልጁ በተሸረፈ መሣሪያ ልትፈተን? ሙቀት የማትፈራ ከሆነችም እሳት ምን ያደርጋታል! ጽናትና እናቷ ሌላ ቀበሌ ለቅሶ ሊደርሱ እንደወጡ ከሰሉን አቀጣጠለ።

መጀመሪያ ብየዳው ቀለጠና ቁራጯ ወደቀች። «ይሄም ብየዳ ተብሎ!» አለና በጉጠት ይዞ ወደ ወናፉ አፍ አስጠጋት። ፍም ስትመስል በመዶሻ መታት፤ ምልክት እንኳ አልያዘችም። መልሶ ከተታት፣ ነፋ። አሁንም መታት፣ አሁንም ነፋ። እልህ ያዘው። ረፋዱ አልፎ ቀትር ሲሆን አወጣት፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላ፣ ብጫና አረንጓዴ ቢጤ ቅርፊት ለብሳለች። ነካ ሲያደርጋት ቅርፊቱ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ከውስጡ የተረፈችው ምስር አታህልም።

ዱባለ ብረት ሲሰነጠቅም ሲዝግም አይቷል፤ እሳት ውስጥ ዱቄት ሲሆን ግን አይቶ አያውቅም። ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ይልቅ እፍረቱ ባሰበት።

ከዚያ የሠራውን ባይሠራ ጥሩ ነበር። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ያንኑ የሚመስል መቁረጫ ቀጠቀጠ። ሞረደው፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው፣ ጫፉ የገለባ ቀለም እስኪይዝ መልሶ በቀስታ አሞቀው። እንደ ሥራ ከሆነ እጅን በአፍ የሚያስጭን ሥራ ነበር። በጽናት ጨርቅ ጠቀለለና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተው። እሷም ማታ ስትመለስ አልከፈተችውም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኛት። ሚኒባሱ ሞልቷል። እሷ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እሱ መርቆ ሊሸኛት አፉን ከፈተ፤ ምርቃቱ አልወጣ አለው።

«ጽናት» አለ በመጨረሻ፣ «መቁረጫሽን እሳት ከትቼ አጠፋሁት። ቦርሳሽ ውስጥ ያለው የኔ ሥራ ነው፤ ባሌስትራ ነው።»

ጨርቁን ፈታችው። አየችው። እንባዋ መጣ።

«ሰኞ እኮ ነው አባባ! ማን ይንኩ አለዎት?»

«ሙቀት አትፈራም ብለሽኝ…»

«ሙቀቱ ብቻማ መች ጨረሳት! እንደዚያ ግላ አየር ካገኛት ተቃጥላ ታልቃለች። ወናፍዎ ነው የበላት።»

ዱባለን ሠላሳ ዓመት ያኖረው ይኸው ወናፍ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያያቸው መሬት ብትውጠው በወደደ።

ጽናት ዓይኗን ጠረገችና አውራ ጣቷን በስለቱ ላይ በቀስታ አሳለፈች። አንዴ፤ ደግሞ ደገመችው።

«ባይነግሩኝ ኖሮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በካርባይዱ ፍጥነት ነበር ማሽኑን የማስነሳው። መዛኞቹ ፊት ወዲያው ተቃጥሎ ይደነዝዝብኝ ነበር።» ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። «ይንገሩኝ እስቲ። ምን ያህል ይችላል?»

ዱባለ ማሽኑን አያውቀውም፤ ብረቱን ግን ያውቀዋል።

«ቀስ አድርገሽ አዙሪው» አለ። «ውሃ አታቋርጪበት። ጫፉን እያየሽ፤ የገለባ ቀለም እስካለው ድረስ ደኅና ነው። ወይን ጠጅ ከመሰለ ቶሎ አንሺው። ሰማያዊ ካየሽ ግን ጥንካሬው ሄዷል፣ አትድከሚ።»

ጽናት ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። ዱባለ ፊደል አልቆጠረም፤ እስክሪብቶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኑ አብሮ ይሄዳል።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«የሚሉኝን ነዋ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሲደነዝዝብኝስ፣ በምን ልሳለው?»

ረዳቱ «እንሂድ!» ብሎ በሩን ሳበ። ዱባለ በሁለት እጁ ያዘበት።

«ቆይ» አለው፣ «አልጨረስኩም።»