ስንዝር የማትሞላው የላሜራ በር

የላሜራ በር የሚሠራልን በያጅ አንድም ቀን መጥቶ ደጃችንን እንዳልለካ ያስተዋልኩት፣ የድሮው በር ተነቅሎ፣ ተሰንጥቆ ካለቀ በኋላ ነው። በር የሚሠራ ሰው ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ መቃኑን ወደ ላይ ወደ ጎን ይለካል፤ «ይሄ ግድግዳ ጠሟል፣ ማነው የገነባው?» ብሎ ያማርራል፤ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። ይኼኛው አልመጣም። እኔ ደግሞ ጋዙን ዘግቼ ወጥቼ፣ መንገድ አጋምሼ እንደገና ተመልሼ የማየው ሴት፣ ልጄ አሥር ደቂቃ ብትዘገይ በሆዴ ቀብሬያት የምጠብቃት ሴት፣ ይህን ሳላይ ቀረሁ።

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ካርታ ነዳፊ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ተራራውን በጥፍር ልክ፣ ወንዙን በክር ልክ ሲያሳንስ ኖሮ፣ ቢሮው ሲያሰናብተው የሚያሳንሰው አጣና ወደ ቤታችን ዞረ። የሳሎኑን ግማሽ የሚይዝ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ገዝቶ፣ የገዛ ቤታችንን ከነግቢው አሥራ ሁለት እጥፍ አሳንሶ እዚያ ላይ ተከለው። ሶፋችን አለ፣ አልጋችን አለ፣ የልብስ ገመዳችን ከነመቆንጠጫው አለ። በእውነተኛው ኩሽና ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። በትንሹ ኩሽና ያለው አይንጠባጠብም፤ ውሃ የለውማ።

ይህ ዕብደት ጓደኛም አለው። ጓደኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥርስ በሚሞላበት ሲሚንቶ ስኒ፣ ድስት፣ ውሻ ሳይቀር ይሠራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአጉሊ መነጽር ሥር ተደፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማንኪያ በወረንጦ ሲያስቀምጡ ላያቸው ቀዶ ጥገና ላይ ያሉ ይመስላሉ። ሐኪሙ ጥርሴን ከሞላልኝ ወዲህ ባኘክሁ ቁጥር ስኒ የማደቅ ይመስለኛል።

ክረምቱ ሲገባ የውጭው በራችን አብጦ ቁልፉ እምቢ አለ። በወንበር ደግፈን ማደር ጀመርን። ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ሌባ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደሯን ይዞባት ሄደ። እሷ ለጥ ብላ ተኝታ ነበር፤ ሰምታ ቢሆንስ? ቀና ብላ ቢሆንስ? እሱን እያሰብኩ ዓይኔን ሳልከድን ማደር የኔ ሥራ ሆነ።

«የላሜራ በር አሠራልን» አልኩት።

«ንድፉን እኔ እሠራለሁ» አለ፤ ፊቱ በራ። ያኔ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

ቁጭ ብሎ አንዱን በር ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለትንሹ ቤት። የትንሿን ራሱ ከቆርቆሮ ሊቆርጣት ነው። ከዚያ ንድፉን ለበያጁ ሰጥቶ መጣ።

«ትልቁ ላሜራ ሆኖ ትንሹ እንጨት ቢቀር ውሸት ይሆናል» አለኝ።

«ትንሹን ማን ይሰርቀዋል?»

«የመስረቅ ጉዳይ አይደለም፣ የታማኝነት ጉዳይ ነው።»

ለእንጨት ይታመናል፤ እኔ ግን ወንበር ደግፌ እተኛለሁ።

በያጁ «በሩ አልቋል፣ ዛሬ ከሰዓት ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ሲልክ ባለቤቴ መታገስ አልቻለም። ሳሙና ገዝቼ እስክመለስ የድሮውን በር ነቅሎ፣ አናጢው ጋ ወስዶ፣ እንደ ክብሪት እንጨት አሰንጥቆት ጠበቀኝ። እንዲህ የደረቀ እንጨት እንደማይገኝ፣ ለትንሹ ቤት ወለል እንደሚሆን፣ ነገ ሐኪሙና ሌሎቹ ሊያዩት እንደሚመጡ በደስታ እየተንተባተበ ነገረኝ። ደጃፋችን አፉን ከፍቶ መንገዱን ያያል። መንገደኛው ሶፋችንን ያያል።

«አዲሱ ሳይመጣ ነቀልከው?»

«አልቋል ብሏል እኮ።»

«ዝናብ ቢያዘገየውስ? ጋሪ ቢያጣስ? መኪና ቢገጨውስ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ወደ ወረንጦው ተመለሰ።

በያጁ መጣ። ያለ ጋሪ፣ ያለ ተሸካሚ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ።

«በሩስ?» አልኩት።

«ይኸው፣ እትዬ።»

ጋዜጣውን ፈታው። ስንዝር የማትሞላ የላሜራ በር፤ ጥቁር ቀለም የተቀባች፣ ማጠፊያዋ የሚታጠፍ፣ መቀርቀሪያዋ የሚንሸራተት።

«ዓይኔን ነው ያጠፋችው፣ ጋሼ» አለ ለባለቤቴ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ትልቅ በር ቢሆን እኮ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር።»

«ሰውዬ! እኛ የምንገባበትን በር ነው ያዘዝነው!»

በያጁ ባዶውን መቃን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁ ላይ ያለችውን አየ። «እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቅ ነበር። የሰጡኝ ንድፍ የዚችን ልክ ነው የሚለው። ለእርሳቸው ሲሆን ማን ይጠይቃል? ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸው የለ?»

ባለቤቴ ኪሱን ዳበሰ። ንድፍ አወጣ። የትልቁ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ልኬት ሳይሳሳት የኖረ ሰው፣ የተሳሳተው በልኬት ሳይሆን ወረቀት በመስጠት ሆነ። ይደነግጣል፣ ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በሯን ከበያጁ እጅ ተቀብሎ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

«ብየዳው እኮ አይታይም» አለ።

«ሌባውም ይህንኑ ነው የሚያደንቀው!»

ልጃችን ከሥራ ገባች። መግባቷን እንኳ አልሰማንም፤ የሚንኳኳ ነገር የለማ። ነገሩን ሰምታ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ሳቀች። «እማዬ፣ ምን ያሳስብሻል? ሌባ ቢመጣ አባዬ አስጎብኚ ይሆነዋል። 'በዚህ በኩል ይለፉ፣ ይህ መኝታ ቤት ነው፣ እባክዎን አይንኩ።'»

«አባትሽ ላይ አትሳቂ» አልኩ፤ የመሳቁ መብት የኔ ስለሆነ።

በያጁን ያዝኩት። «ትልቁን ዛሬ ትሠራለህ?»

«ላሜራ ቤት ተዘግቷል፣ እትዬ። ሰኞ።»

«እስከ ሰኞ እኔን የደጃፍ ዘበኛ ልታደርጉኝ ነው?» ብዬ ዞር ስል ዓይኔ ኮምፔንሳቶው ላይ አረፈ። ከመቃናችን ትንሽ ቢያጥር ነው። ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ ለበር ሳይሆን ለትንሹ ቤት መሬትነት የተገዛ። ለእኛ «ቆይ፣ ይደርሳል» ሲባል፣ ለአሻንጉሊት ሣር ግን ምርጥ እንጨት ተገኝቶ ነበር።

ባለቤቴ ዓይኔን ተከትሎ ገባው። «አይሆንም!»

«ቤቱን ከመሬቱ አንሳ።»

«በሙጫ ተያይዟል! በረንዳው ይሰበራል! ነገ ሰው ይመጣል!»

«ዛሬም ሰው ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ግን አይሆንም።»

«እናትዬ» አለ፤ ሲቸግረው ብቻ የሚጠራኝ በዚህ ነው። «አንድ ሌሊት በወንበር...»

«ወንበሩን በምን ላይ ነው የምደግፈው? በነፋስ?»

ልጄ ሳቋን አቆመች። ባዶውን መቃን አየች፤ ውጭው እየጨለመ ነበር። «አባዬ፣ እኔም እዚሁ ነው የማድረው» አለች፤ በቀስታ።

እሷ ናት የረታችው። ቀጭን ቢላዋውን አንሥቶ ከቤቱ ሥር ሰካና እየገፋ፣ እየተነፈሰ፣ ላቡን እየጠረገ ለቀቀው። በረንዳው እንደፈራው ተሰበረ፤ አንዷ ምሰሶ ተስፈንጥራ ሶፋ ሥር ገባች። ቤቱን ታቅፎ እንደ ሕፃን ወደ መኝታ ቤት ወሰደው። መሬቱን በያጁና ልጄ አቆሙት። በድሮው በር ማጠፊያ፣ በመሰርሰሪያ፣ በብሎን፣ በብዙ ጩኸት ገጠሙት። ከውስጥ ለጓጉንቸር ማንጠልጠያ አደረጉለት። ከላይ አራት ጣት ክፍተት ቀረ። ድመት እንጂ ሰው አያስገባም።

ግቢያችን እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሣሩ፣ አጥሩ፣ የልብስ ገመዱ ሁሉ ወደ ሳሎን ዞሮ ተሰቅሎ። የሐኪሙ የጥርስ ውሻ በአራት እግሯ ግድግዳ እንደያዘች እንሽላሊት ሆና ታየኛለች። ከዚያ ሁሉ ጥበብ ውስጥ ዛሬ የሚያገለግለው ሥሩ ያለው እንጨት ብቻ ነው። ለሐኪሙ ነገ ይህን እነግረዋለሁ።

በያጁ ከመውጣቱ በፊት «ጋሼን ግን አይቆጡዋቸው» አለኝ። «ሰኞ ለመለካት እመጣለሁ።»

«ና» አልኩት። «ውሃ እሰጥሃለሁ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ ጓጉንቸሩን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ቁልፉ ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ነው። ልቀበለው ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። ትንሹ ቤት አልጋችን ላይ ነው፣ በእኔ በኩል፤ ያቺን የላሜራ በር መቃኗ ውስጥ አግብቷታል። ልክ ናት፤ የፀጉር ክፍተት የላትም። በወረንጦ መቀርቀሪያዋን ይዞ ሊቀረቅራት ተቃርቧል።

«የትኛውን ነው መጀመሪያ የምትዘጋው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ያለውን ገርባባ በር፣ ከዚያ ባሻገር ጨለማውን፣ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ የተቀመጠችውን ልጃችንን አየ። ወረንጦውን አስቀመጠ። ትንሿ በር ክፍት እንደሆነች ትቷት ተነሣ፤ ጉልበቱ ቀጭ አለ። መኝታ ቤቱን አለፈ፣ ሳሎኑን አለፈ፣ በር በሆነው ግቢ ፊት ቆመ። ጓጉንቸሩን ከእጄ ወሰደ። በመዳፉ መዘነው።

«ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ከባድ ነው» አለ።

«ዝጋው» አልኩት።

ዘጋው።