ከሩቅ የምትታይ ነብር

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ ነብር ነበር የሚላት። ገና በልጅነቷ ለነካት ሰው ብድሩን ሳትመልስ አታድርም ነበር። አባቷ፣ ልብስ ሰፊው፣ በዚህ ቅጽል ስም ልቡ ያብጥ ነበር። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ገዝቶ ኮት ሰፋላት። ሌላ ሰፊ ቢሆን እንደመጣለት ቆራርጦ ይገጣጥመዋል። እሱ ግን በየስፌቱ ላይ የተቆረጠው ነጠብጣብ ከሌላው ግማሹ ጋር እንዲገናኝ ብሎ ለአንድ ኮት የሁለት ኮት ጨርቅ ጨረሰ።

"ዓይንህ ደክሟል አባዬ፤ ይህን ለብሼ ስመጣ ከሩቅ ታውቀኛለህ" አለችው።

ከሄደች በኋላ ለጥቂት ወራት ትደውልለት ነበር። ስልኳ ከተዘጋ በኋላ ግን የስፌት መኪናውን ወደ መስኮቱ አዞረና የአውቶቡሱን ማቆሚያ እያየ ይሰፋ ጀመር።

ይኼኔ ነው ፋሽን የሚሉት መቅሠፍት የመጣው። ከተማው በሙሉ ነብር ለበሰ። ጫማው ነብር፣ ቦርሳው ነብር፣ የሕፃን ኮፍያ ሳይቀር ነብር። አውሬው ነጠብጣቡን የያዘው ለመደበቅ ነው፤ እነዚህ ግን ለመታየት ለበሱት፣ የምትፈለገውም አንዷ በመካከላቸው ጠፋች። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ይወጣል፤ የሌላ ሰው ልጅ ዞራ ትገላምጠዋለች፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ ማታ ማታ ብቅ እያለ "ዛሬስ ስንት ነብር አባረርክ?" ይለዋል። መጀመሪያ ላይ አብሮት ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ኮት ይዛ ገባች፤ እጅጌው ረዝሞባታል። ተቀበላትና በልማዱ የጀርባውን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ነጠብጣቦቹ ገጥመዋል። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ልጄ፣ የሸጠችልሽን አይተሻታል?"

"ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው የገዛሁት፣ አባባ። በቦንዳ ነው እኮ የሚመጣው፤ ባለቤት የለውም።"

ኪሶቹን ገለበጣቸው። ባዶ ናቸው። ከዚያ እጅጌውን አሳጠረላት፤ መልሶ ሲሰፋውም እያንዳንዱን ነጠብጣብ እንደገና አገጣጠመ። ወጣቷ አመስግናው፣ ለብሳው ወጣች። እስከ ማቆሚያው በዓይኑ ሸኛት። የገዛ ልጁ እውነቷን ነበር፤ ከሩቅ ይታወቃል።

ማታ ጫማ ጠጋኙ ሊቀልድ አንገቱን አስገባ። የስፌት መኪናው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ቀልዱን ዋጠና በሩን ቀስ ብሎ መለሰው።